ተራውን ያሳለፈ አብራሪ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን በልጅነቴ ተራ መጠበቅ የሰነፍ ሰው ጠባይ ይመስለኝ ነበርና፥ አንድ ቀን በወፍጮ ቤት ወረፋ ጥሼ ስጋፋ የአንዲት ባልቴት ዱቄት ደፋሁባቸው። ጥፋቴ በሚገባ የተሰማኝ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የበርሊንን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን ወር 1948 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን የመኪና፥ የባቡርና የውሃ መንገድ ዘጋች። ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ በረኃብና በብርድ እንዳያልቅ፥ አሜሪካና እንግሊዝ ዱቄትና የድንጋይ ከሰል በአይሮፕላን ያመላልሱለት ጀመር።

በኦገስት 13 ቀን ዝናብና ደመና ቴምፕልሆፍ የተባለውን የአይሮፕላን ማረፊያ ሸፈነው። አንዱ አይሮፕላን በማኮብኮቢያው ጫፍ ተከስክሶ ተቃጠለ፤ ተከታዩ ከእርሱ ለመራቅ ሲል ጎማዎቹ ፈነዱ፤ ሦስተኛውም ተሳስቶ ገና በመሠራት ላይ ባለ ማኮብኮቢያ ዐረፈ። ተቆጣጣሪዎቹ የቀሩትን በደመናው ውስጥ አንዱን ካንዱ በላይ እየደረደሩ ያዞሯቸው ጀመር። ከኋላ የሚመጣው ግን አላቋረጠምና እርስ በርስ የመጋጨት አደጋ ደረሰ። የሥራው አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ተነር ራሱ ከሚዞሩት በአንዱ ውስጥ ነበረ፤ ሌሎቹንም ሁሉ ወደ መጡበት እንዲመልሷቸው አዘዘ።

ከዚያ ወዲያ ጥብቅ ደንብ ወጣ። በአይሮፕላኖቹ መካከል የሦስት ደቂቃ ርቀት ይጠበቃል፤ እያንዳንዱ አብራሪ ለማረፍ የሚሞክረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካልሆነለት ጭነቱን እንደ ያዘ ይመለሳል።

ለተራበ ከተማ የመጣ ዱቄት ከደጃፉ ሲመለስ ማየት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ዳግመኛ ልሞክር ብሎ ቢዞር፥ ከኋላው ያሉት ሁሉ ሊቆሙለት ነው፤ በሰማይ ላይ ደግሞ መቆም የለም። የተመለሰውም ጭነት አይጠፋም፤ በተራው ይመጣል።

ፍሬውም ታየ። ከኤፕሪል 15 እስከ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በ24 ሰዓት ውስጥ 1398 በረራ ተደርጎ፥ ወደ 13000 ቶን የሚጠጋ ጭነት ገባ። ይህም በከተማው ማረፊያዎች ሁሉ ተደምሮ በየደቂቃው አንድ አይሮፕላን ያህል መሆኑ ነው። በሜይ 12 ቀን የምድሩ መንገድ ተከፈተ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያ አብራሪ ወደ ኋላ የተመለሰው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ከኋላው ሌላ ሰው እንዳለ ስላወቀ ነው። አንተም ሳይሳካልህ በቀረ ጊዜ የሌላውን ተራ አትንጠቅ፤ ጭነትህን ይዘህ ተመለስና እንደ ገና ና። እኔ ይህን በጊዜው ባውቅ ኖሮ፥ የእኒያ ባልቴት ዱቄት መሬት ላይ ባልቀረ ነበር።