ስምንቱ ፊደላትና ባሕር የለያቸው ባልና ሚስት

የሰው ልጅ ከሚወደው ሲለይና የሚጽናናበትን ነገር በምድር ሲያጣ ዐይኑን ወደ ሰማይ ማንሣቱ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። የቻይና ሕዝብ ይህን ልማድ በቍጥርና በጽሕፈት አደራጅቶ የጋብቻው ሥርዓት መሠረት አድርጎት ኖሯል። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እጅግ ብዙ የቻይና ወንዶች ሚስቶቻቸውን በመንደር ትተው ወደ አሜሪካ፥ ወደ ካናዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በተበተኑ ጊዜ፥ ይኸው የልደት ቈጠራ ባሕር የለያቸውን ባልና ሚስት አገናኝቶ የሚይዝ ገመድ ሆነ። ነገር ግን ገመዱ ደግፎ እንደ ያዘ ሁሉ አስሮም ይዟል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በቻይና የጥንት አቈጣጠር ዐሥር «የሰማይ ግንዶች» እና ዐሥራ ሁለት «የምድር ቅርንጫፎች» የሚባሉ ምልክቶች አሉ። ሁለቱ ወገኖች በየተራ ሲጣመሩ 60 ጥምር ይሆናሉ፤ ስድሳው ሲፈጸም ቈጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህ ዙር በሻንግ መንግሥት ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት፥ ለጥንቈላ በሚያገለግሉ አጥንቶች ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ዐሥራ ሁለቱ ቅርንጫፎች በኋላ ዘመን የእንስሳት ስም ተሰጣቸው፤ እነርሱም አይጥ፥ በሬ፥ ነብር፥ ጥንቸል፥ ዘንዶ፥ እባብ፥ ፈረስ፥ ፍየል፥ ዝንጀሮ፥ ዶሮ፥ ውሻና ዐሣማ ናቸው። በአገራችን ዓመቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም እየተፈራረቀ እንደሚጠራ፥ በዚያም አገር በእነዚህ እንስሳት ስም ይጠራል።

አንድ ልጅ ሲወለድ የተወለደበት ዓመት፥ ወር፥ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው በሁለት በሁለት ምልክት ይጻፋሉ፤ ድምሩም ስምንት ስለ ሆነ «ስምንቱ ፊደላት» ይባላል። ቀንና ሌሊት በአንድነት ለዐሥራ ሁለት ሰዓቶች ይከፈላሉ፤ አንዱ የቻይና ሰዓት የእኛን ሁለት ሰዓት ያኽላል ማለት ነው። በታንግ መንግሥት ዘመን የነበረው ሊ ሹጆንግ የሰውን ዕድል በዓመቱ፥ በወሩና በቀኑ ይቈጥር እንደ ነበር፥ በሶንግ ዘመን ደግሞ ሹ ዚፒንግ ሰዓቱን ጨምሮ ጥበቡን ፍጹም እንዳደረገው በቻይናውያን ዘንድ ይነገራል።

ጋብቻ ሲታሰብ አማላጂቱ የልጅቱን ስምንት ፊደላት በቀይ ወረቀት አስጽፋ ወደ ወንዱ ቤት ታደርስ ነበር። ወረቀቱ ለሟች አያቶች ክብር በተሠራው መንበር ላይ ሦስት ቀን ያኽል ይቀመጣል፤ በእነዚያ ቀኖች ዕቃ ሳይሰበር፥ በቤቱም ጠብ ሳይነሣ ካለፈ መልካም ምልክት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ዐዋቂው የሁለቱን ፊደላት ያስተያያል። አይጥና ፈረስ፥ ነብርና ዝንጀሮ ይጋጫሉ፤ አይጥ፥ ዘንዶና ዝንጀሮ ግን እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ወንዱና ሴቲቱ እንዲተያዩ የሚጠይቅ ሥርዓት የለም። ወረቀት ከወረቀት ይተያያል፥ ቤተ ሰብም ከቤተ ሰብ ይዋዋላል። ቀድሞውንም ለማይተዋወቁ ሰዎች የተሠራ ሥርዓት ስለ ነበረ፥ ባሕር በመካከል ሲገባ እምብዛም አልተናወጠም።

በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ወርቅ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ፥ ከጓንግዶንግ ጠቅላይ ግዛት፥ ይልቁንም «አራቱ አውራጃዎች» ከሚባሉት ከታይሻን፥ ከካይፒንግ፥ ከኤንፒንግና ከሺንሁይ፥ ብዙ ወንዶች በመርከብ ተሳፈሩ። አሜሪካን «ጋም ሳን»፥ ማለት «የወርቅ ተራራ» አሏት፤ በመንደር የቀረችውንም ሚስት «የወርቅ ተራራ ሚስት» አሏት። ከ1863 እስከ 1869 ዓ.ም. የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ሲሠራ፥ ከ10,000 የሚበልጡ ቻይናውያን በምዕራቡ ክፍል ተራራውን እየፈለፈሉ ሠርተዋል። የእነዚህ ሰዎች ዐሳብ ጥቂት ዓመት ሠርቶ መመለስ ነበር። የሚችለው ይመለስና አግብቶ፥ ልጅ ፀንሶለት፥ ደግሞ ይሄዳል። ለመመለስ ገንዘብ ያላገኘውን ግን ወላጆቹ በሌለበት ያጋቡት ነበር። ስምንቱ ፊደላት ከተስማሙና ቀን ከተቈረጠ በኋላ፥ በሙሽራው ፈንታ አውራ ዶሮ ይቀርባል፤ ሙሽራይቱም ከዶሮው ጋራ ሆና ለባልዋ አያቶች ትሰግዳለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፊቱን ላላየችው ሰው ሚስት፥ ለእናቱም ምራት ሆና ትኖራለች።

ሁለቱን ቤቶች አንድ ያደረገ ሌላም ነገር ነበር፤ እርሱም በየዓመቱ የሚታተመው የቀን መቍጠሪያ መጽሐፍ ነው። በካንቶን ቋንቋ «መጽሐፍ» የሚለው ቃል «መሸነፍ» ከሚለው ጋራ በድምፅ አንድ ስለ ሆነ፥ ሰዎቹ ያን ስም ሸሽተው «ቶንግ ሲንግ» አሉት፤ ትርጓሜው «ሁሉን ማሸነፍ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ለጋብቻ፥ ለመንገድ፥ ለቤት ሥራና ለቀብር የሚስማማውና የማይስማማው ቀን ተለይቶ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ በታይሻን መንደር ይገለጥ እንደ ነበረ ሁሉ በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈርም ይገለጥ ነበር። ባል በአሠሪዎቹ ዘንድ በአውሮፓውያን ቀን ሲሠራ ውሎ፥ በማደሪያው ሚስቱ የምትቈጥረውን ቀን ይቈጥራል። የአዲስ ዓመት መግቢያን፥ የአያቶች መቃብር የሚጠረግበትን ቀን፥ የጨረቃንም ሙላት በአንድነት ይጠብቁ ነበር።

ከእነዚህ በዓላት አንዱ የዚህን ኑሮ መልክ በግልጥ ያሳያል። ቬጋና አልታየር የሚባሉት ሁለት ብሩህ ከዋክብት በቻይና «ሸማኔዋ» እና «ላም ጠባቂው» ይባላሉ። ባልና ሚስት ሲሆኑ፥ በሰማይ ላይ እንደ ወተት ነጥቶ የሚታየው ወንዝ ለይቷቸዋል፤ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ግን የቁራ ወገን የሆኑ ወፎች ክንፋቸውን ገጥመው ድልድይ ይሆኑላቸዋልና በዓመት አንድ ሌሊት ይገናኛሉ ይባላል። በጓንግዶንግ ይህ የሴቶች ታላቅ በዓል ነበር። ይህን ተረት የምትሰማ የወርቅ ተራራ ሚስት በሸማኔዋ ብትቀና የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሸማኔዋ ባልዋን በየዓመቱ ታያለችና።

ወደ ታይላንድ፥ ወደ ማላያ፥ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ኢንዶኔዥያ የሄዱት ደግሞ በአብዛኛው ከፉጂያንና ከምሥራቅ ጓንግዶንግ የቻኦሻን ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ገንዘብና ደብዳቤ በአንድነት የሚላክበት «ቺያኦፒ» የሚባል ልማድ ነበራቸው። በመጀመሪያ «የውኃ መንገደኞች» የሚባሉ ተጓዦች፥ በኋላም ለዚሁ የተቋቋሙ የሐዋላ ቤቶች ከመንደር ድረስ ያደርሱት ነበር። ተቀባይቱ የመልስ ወረቀት ትሰጣለች፤ መጻፍ ያልተማሩት ሴቶች ቃላቸውን ለጸሓፊ እየነገሩ ያስጽፉ ነበር። ስለ ዕዳ፥ ስለ ልጆች ትምህርት፥ ስለ ቤት ክዳን፥ ስለ ልጅ መዳር የሚነገረው ሁሉ በዚያች ወረቀት ያልፋል። ከእነዚህ ሰነዶች ከ150,000 የሚበልጡት ተሰብስበው በ2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ «የዓለም መታሰቢያ» መዝገብ ገብተዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ ሰዎቹ በፈቃዳቸው የተለያዩ ያስመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1875 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ በቃሉ አመንዝራ ሴቶች እንዳይገቡ የሚከለክል ሲሆን፥ በሥራ ላይ ሲውል ግን አብዛኞቹን የቻይና ሴቶች ከበር መለሰ። በ1882 ዓ.ም. የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ተከለከሉ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ የሠራተኛ ሚስት የባልዋን ክልከላ እንደምትካፈል በፍርድ ቤት ተወሰነ። በ1888 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፥ የመመለሻ የምስክር ወረቀት ይዘው አገራቸውን ሊጐበኙ የሄዱ 20,000 ያኽል ሰዎች ወረቀታቸው ከንቱ ሆኖ በውጭ ቀሩ። በ1890 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአሜሪካ 103,620 የቻይና ወንዶች ሲገኙ ሴቶቹ 3,868 ብቻ ነበሩ። ካናዳም በ1885 ዓ.ም. በእያንዳንዱ ገቢ ቻይናዊ ላይ 50 ዶላር ግብር ጣለች፤ በ1900 ዓ.ም. ወደ 100፥ በ1903 ዓ.ም. ወደ 500 ዶላር ከፍ አደረገችው፤ በ1923 ዓ.ም. በሩን ፈጽማ ዘጋች። እንግዲህ ባልና ሚስቱን የለያቸው ወንዝ በሰማይ ያለው አልነበረም።

ሰዎቹም ለዚህ ሕግ መሸሻ ፈለጉ። በ1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትጠፋ የልደት መዛግብቷ ተቃጠሉ። ብዙ ቻይናውያንም «በዚሁ ተወለድን» ብለው ዜግነት አገኙ፤ ከቻይና ጕብኝት ሲመለሱም ያልወለዱትን ልጅ ወለድን እያሉ ያስመዘግቡና ስሙን ለዘመድ ወይም ለባዕድ ይሸጡት ነበር። በዚህ ስም የሚገባው ሰው «የወረቀት ልጅ» ይባላል። ከ1910 እስከ 1940 ዓ.ም. በኤንጀል ደሴት የነበሩት መርማሪዎች፥ በመንደራችሁ ስንት ቤት አለ፥ የሩዙ ማስቀመጫ በየት በኩል ነው፥ ልደትህ መቼ ነው እያሉ ብዙ ቀን ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም የሌላውን ሰው ልደት አጥንቶ ይመልሳል። ስለዚህ ይህ ሰው ሁለት ልደት ነበረው ማለት ነው፤ አንደኛው በአሜሪካ መዝገብ፥ ሁለተኛው በእናቱ ሣጥን ባለው ቀይ ወረቀት። ሚስት ሲታጭለት የሚያገለግለው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ በሐሰት ሰዓት የተጻፈ ስምንት ፊደል ለማንም አይረባምና። መንግሥት ያላወቀውን የሰውየውን እውነተኛ ማንነት የመንደሩ ኮከብ ቈጣሪ ያውቅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከ1956 ዓ.ም. በኋላ የአሜሪካ መንግሥት እነዚህ ሰዎች እውነቱን እንዲናገሩ ባሳሰበ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ የጥንት ስማቸውን መልሰው ያዙ።

ይህ የቈጠራው መልካም ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ ሸፍነን ብናልፍ ግን ለታሪክ ታማኞች አንሆንም። ከዐሥር፥ ከኻያ ዓመት ጥበቃ በኋላ ባል ሳይመለስ ሲቀር ወይም በባዕድ አገር ሞቶ ሲቀር፥ መንደርተኛው ምክንያቱን በሴቲቱ ፊደላት ውስጥ ይፈልግ ነበር፤ «ልደቷ ባል ይጐዳል» የሚባል ክፉ ቃልም ነበረ። ራስዋም «ዕድሌ ነው» ብላ እንድትቀበለው ተምራለች። ሕጉ የሠራውን በደል ከዋክብት ተሸከሙት፤ ከከዋክብትም ወርዶ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ዐረፈ። በ1941 ዓ.ም. መጨረሻ የጃፓን ጦር ሆንግ ኮንግን ሲይዝ የገንዘቡ መንገድ ተዘጋ። በ1943 ዓ.ም. በታይሻን ጽኑ ረኃብ ገባ፤ ከባሎቻቸው ገንዘብ በቀር መተዳደሪያ ያልነበራቸው ብዙ ሚስቶች ሞቱ፥ ሌሎችም ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሌላ ባል አገቡ። በዚያ ዓመት የሞቱት ሁሉ የአንድ ቀንና የአንድ ሰዓት ልጆች እንዳልነበሩ ግልጥ ነው።

መንግሥታትም ልማዱን ለመንቀል ሞክረዋል። የቻይና ሪፐብሊክ በ1912 ዓ.ም. የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ተቀበለ፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የኮከብ ቈጠራና የጥንቈላ ሥራ እንዲቀር አዋጅ ወጣ። በ1950 ዓ.ም. የወጣው የሕዝባዊ ቻይና የጋብቻ ሕግ ወላጆች ልጆቻቸውን በግድ እንዳያጋቡ ከልክሎ፥ ጋብቻን በሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ላይ አቆመ። በውጭ አገር በሚኖሩት ዘንድ ግን «ቶንግ ሲንግ» በሆንግ ኮንግ እየታተመ መነበቡን አላቋረጠም።

የባሕሩ በር የተከፈተው በአዋጅ ነው። አሜሪካ በ1943 ዓ.ም. የክልከላውን ሕግ ሽራ በዓመት 105 ቻይናውያን እንዲገቡ ፈቀደች፤ በ1946 ዓ.ም. የዜጎች ቻይናውያን ሚስቶች ከዚህ ቍጥር ውጭ እንዲገቡ ተፈቀደ። ካናዳም ክልከላዋን በ1947 ዓ.ም. ሻረች። በእነዚያ ዓመታት ከመርከብ ከወረዱት «አዲስ ሙሽሮች» መካከል አንዳንዶቹ ካገቡ ብዙ ዓመት የሆናቸው፥ ፀጕራቸው መሸበት የጀመረ ሴቶች ነበሩ። ባሎቻቸውንም እንደ ባዕድ ሰው ከመጀመሪያው መተዋወቅ ነበረባቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፥ የኮከብ ቈጠራ የወደፊቱን ቢያውቅም ባያውቅም፥ ለተለያዩ ሰዎች አንድ ቀንና አንድ ቋንቋ በመስጠቱ የቤተ ሰብን መፍረስ ለብዙ ዘመን እንደ ተከላከለ ነው። ይህን ሥራውን ልንንቀው አይገባም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሰው በሰው ላይ ያደረገውን በደል ዕድል ነው ብሎ የሚቀበል ሕዝብ፥ በዳዩን ሳይጠይቀው ይኖራል። የወርቅ ተራራ ሚስቶች ስምንት ፊደሎቻቸውን ደጋግመው አስነብበዋል፤ መለያየታቸው ግን በዚያ ወረቀት አልነበረም። ተጽፎ የነበረው በዋሺንግተንና በኦታዋ የሕግ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሕጉም በተፋቀ ጊዜ፥ ከዋክብቱ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፥ ሚስቶች ወደ ባሎቻቸው ተሻገሩ።