የጋሬት ሞርጋን ስፖንጅ

ሐምሌ 17 ቀን 1908 ዓ.ም. ማታ፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ከኢሪ ሐይቅ ሥር ለውኃ መስመር ይቆፈር በነበረ ዋሻ ውስጥ ጋዝ ፈነዳ። ቀኑ በፈረንጆቹ ጁላይ 24 ቀን 1916 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ሠራተኞቹን ለማውጣት የወረዱ ሁለት ቡድኖችም በጋዙ ተመቱ። ሌሊቱ ሲገፋ ጋሬት ሞርጋን የሚባለውን ሰው ያስታወሰ ተገኘ። ሞርጋን ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር የሌሊት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ራሱ የፈለሰፋቸውን የጭስ መከላከያ ጭምብሎች ጭኖ እንደደረሰ ይተረካል።

ሞርጋን በ1877 ኬንታኪ የተወለደ፣ የቀድሞ ባሮች ልጅ፣ በልብስ ስፌት መኪና ጥገና ኑሮውን ያቀና ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የጭምብሉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የተሻለው አየር የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ነው። ስለዚህ ራስን የሚሸፍን ቆብ ሠርቶ ረጅም ቱቦ ወደ ታች ለቀቀለት። በቱቦው ጫፍ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ አስገባ፤ ስፖንጁ ጥላሸቱን ይይዛል፣ የሚሳበውንም አየር ያቀዘቅዛል። በ1914 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ሻጩ ጥቁር መሆኑ ገበያውን ዘጋበት። ሞርጋን ዘዴ አላጣም። በዚያው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ላይ ባሳየው ትርኢት አንድ ነጭ ሰው ፈልሳፊ መስሎ ሲያስተዋውቅ፣ እሱ ራሱ «ቢግ ቺፍ ሜሰን» የተባለ የአሜሪካ ቀደምት ተወላጆች አለቃ መስሎ ጭምብሉን አጠለቀና በሚያፍን ጭስ ወደተሞላው ድንኳን ገባ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ምንም ሳይሆን ወጣ። የገዛ ፈጠራውን ለመሸጥ የገዛ ማንነቱን የደበቀ ሰው ነው።

ክርክሩ ያለው የዋሻው ሌሊት ላይ ነው። በብዙ ጽሑፎች 32 ሰው አዳነ ይባላል። ጠንቃቃዎቹ ግን በሕይወት የወጡት ሁለት እንደሆኑ፣ ቀሪው ሥራ አስከሬን ማውጣት እንደነበር ይናገራሉ። የሞቱት ወደ 20 ይደርሳሉና ሁለተኛው ቁጥር ከሁኔታው ጋር ይበልጥ ይገጥማል። እርጥብ ስፖንጅ ካርቦን ሞኖክሳይድን እንደማያስቀር መዘንጋትም አይገባም። ቢሆንም፣ ሁለት ቡድን ከተመታ በኋላ ወደዚያ ጉድጓድ መውረድ ቁጥር የሚጨምርለት ጀግንነት አይደለም። የካርኔጊ የጀግኖች ፈንድ ሜዳሊያ ለሌሎች ሲሰጥ ሞርጋን ተዘለለ። በ1917 ለከንቲባው ለሃሪ ዴቪስ ቅሬታውን ጻፈ። ከተማዋ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዋን በስሙ የሰየመችው በ1991፣ እሱ ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጋዝ ጭምብል ከእሱ ተቀዳ የሚባለው አያስኬድም፤ የአሜሪካ ጦር የወሰደው በከሰል የሚያጣራውን የእንግሊዞቹን ሞዴል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስፖንጅ ራሱ ከፋብሪካ መውጣት ጀመረ። በ1929 ደንሎፕ የጎማ ወተትን እየመታ አረፋ አደረገው። በ1937 ጀርመናዊው ኦቶ ባየር ፖሊዩሬቴንን ፈለሰፈ፤ ዛሬ የምንተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ የዚሁ ዘር ነው። በመከላከያ ጭምብሎችም ላይ አፍንጫ እንዳይፋቅና አየር በጎን እንዳይገባ ለስላሳ ስፖንጅ ይለጠፋል።

ጣጣው የመጣው ስፖንጁ ከሳጥን ውስጥ ሲደበቅ ነው። ፊሊፕስ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቆራረጥባቸው ሰዎች በሚሠራቸው ሲፓፕ በሚባሉ መሣሪያዎች ውስጥ ድምፅ እንዲቀንስ ብሎ ፖሊስተር ያለበት የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ያደርግ ነበር። ይህ ዓይነቱ ስፖንጅ በሙቀትና በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ብናኙና የሚያወጣው ኬሚካል ደግሞ ወደ ሕመምተኛው ሳንባ ሊገባ ይችላል። ኩባንያው ሰኔ 2021 ሚሊዮኖቹን መሣሪያዎች ከገበያ መሰብሰብ ጀመረ፤ በምትኩም ወደ ሲሊኮን ስፖንጅ ዞረ። የሞርጋን ስፖንጅ ቢያንስ ከቱቦው ጫፍ ላይ በዓይን ይታይ ነበር።

በዘመድ እጅ ከውጭ የመጣ ወይም ያገለገለ ሲፓፕ ቤታችሁ ካለ፣ የሞዴል ቁጥሩን ከተሰበሰቡት ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ በኦዞን ማጽዳቱንም ተዉት። መሣሪያውን ከማቋረጣችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን አማክሩ።