ሙሐረቅ በሐሩር ወራት፦ ጠላቂው፣ ዕዳውና ደብተሩ

ባሕሬን ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ የረገጣችሁት መሬት ማናማ እንዳልሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ሙሐረቅ ደሴት ላይ ነው። አብዛኞቻችን ያንን ቀን የምናስታውሰው ፓስፖርታችንን ይዘን ቁጭ ብለን ስማችን እስኪጠራ ስንጠብቅ፣ ከዚያም መኪና ውስጥ ገብተን ድልድዩን ስንሻገር ነው። ከተማዋን ማን ያያታል! እኔም ያየኋት ቆይቼ፣ እዚያው አንድ አሮጊት ለማስታመም ስቀጠር ነው። ሁላችንም «ማማ» ነበር የምንላቸው። አባታቸው ጠላቂ ነበሩ። ሙቀቱ ሲበረታ ማማ መስኮት ዳር ይቀመጡና «አሁን ቢሆን ወንድ የሚባል እዚህ አታገኚም ነበር» ይሉኛል። መጀመሪያ የእርጅና ወሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብና ስጠይቅ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። የዚህ ወር ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ኩዌት፣ ዶሃና ዱባይ ያላችሁም አንብቡት፤ የእናንተም ባሕር ዳርቻ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ይህ አገር የሚበላው ከሉል ነበር። ሉል ማለት በባሕር ዛጎል ሆድ ውስጥ የሚገኘው ነጭ ዕንቁ ነው፤ የአውሮፓና የህንድ ባለጸጎች አንገት ላይ የሚንጠለጠለው። የፓሪሱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዣክ ካርቲየር ራሱ በ1912 እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ መጥቶ ነበር። ሙሐረቅ ደግሞ የሉል ነጋዴው፣ የጀልባው አለቃና የጠላቂው ከተማ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዞች ቆጥረው እንደጻፉት፣ ከባሕሬን ብቻ ከ900 በላይ ጀልባዎች፣ ከ17,000 የሚበልጥ ሰው ጭነው ለሉል ይወጡ ነበር። ለትንሽ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ሄደ ማለት ነው።

መቼ ነው የሚሄዱት? በበጋ፣ ማለቴ በዚህ አገር በጋ። የእኛ ሰኔ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ገበሬው የሚያርስበት፣ ጎተራ የሚሟጠጥበት። የእነሱ ሰኔ እሳት ነው። ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ መዋል የሚችለው ውሃው ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ፣ «ታላቁ ጥልቂያ» የሚሉት ወቅት ከግንቦት መጨረሻ ወይም ከሰኔ ግድም ይጀምርና አራት ወር ያህል ይፈጃል። ጀልባዎቹ የሚነሱት ከደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ፣ ቡ ማሂር ከሚባለው ምሽግ አጠገብ ነው። የሚመለሱት የእኛ አገር አደይ ሊፈነዳ ሲል ነው። አገር ቤት ክረምቱ እስኪወጣ እንደሚጠበቀው፣ እዚህ ቁፋል ይጠበቅ ነበር። ቁፋል የሚሉት ወቅቱ የሚዘጋበትን ቀን ነው።

ባሕር ላይ ያለውን ኑሮ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይይዛል፤ እግሩን ድንጋይ ከታሰረበት ገመድ ያስገባል፤ ድንጋዩ ይዞት ይወርዳል። ከታች ዛጎሉን ለቅሞ ቅርጫቱ ውስጥ ይከታል። አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃል፤ ጀልባ ላይ ያለው ጎታች ስቦ ያወጣዋል። ጎታቹ ከዘገየ ጠላቂው አለቀለት። እንዲህ ሆኖ በቀን ሃምሳ ጊዜና ከዚያም በላይ ይወረዳል። ጠዋት ጥቂት ተምርና ቡና ነው፤ ደህና ምግብ፣ ሩዝና ዓሣ፣ የሚበላው ማታ ነው። በጠገበ ሆድ አይጠለቅማ! ጆሮ ይደማል፣ ዓይን ይታመማል፣ ቆዳ በጨው ይቆስላል። ዜማ የሚያወጣ ሰውም በደመወዝ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ገመዱና መቅዘፊያው የሚሳበው በእሱ ዜማ ነው። ፊጅሪ የሚባለው ይኸው የጠላቂዎች ዜማ በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከተማዋ ናት። አራት ወር ሙሉ ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩባት ከተማ። ማማ የሚያወሩትም ይህንኑ ነበር፤ ራሳቸው ያዩትን ሳይሆን ከእናታቸው የሰሙትን።

በሐሩሩ ጊዜ አቅም ያለው ከድንጋይ ቤት ወጥቶ ከዘንባባ ዝንጣፊ ወደ ተሠራ ጎጆ ይገባል፤ ነፋስ በውስጡ ስለሚያልፍ ይቀዘቅዛል። የሀብታም ቤት ነፋስ የሚስብ ማማ ነበረው፤ የድሮው ገዥ የሼኽ ዒሳ ቢን ዓሊ ቤት ዛሬም ማማው እንደቆመ ነው። ድሃው ጣራ ላይ ይተኛል። ውሃው ደግሞ የሚገርም ነገር አለው። እዚህ ባሕር ወለል ላይ ጣፋጭ ውሃ የሚፈልቅባቸው ምንጮች ነበሩ። ጨው ውሃ ውስጥ ጠልቀው፣ አቁማዳውን ምንጩ አፍ ላይ ደቅነው ሞልተው ይወጣሉ። ባሕሬን ማለት «ሁለት ባሕር» ማለት ነው፤ ስሙ ከዚህ ከጨውና ከጣፋጭ ውሃ መጣ የሚሉም አሉ።

ዓሣውን የሚያጠምዱት የቀሩት ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ። ባሕሩ ዳር ከዘንባባ እንጨት አጥር ይሠራሉ፤ ሐድራ ይባላል። ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው ይገባል፣ ሲጎድል መውጫው ይጠፋዋል፤ ሄደው መልቀም ነው። አሁንም ከአንዳንድ ዳርቻ ላይ ይህን አጥር ታያላችሁ፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው የፈረሰ ግንብ መስሎኝ ነበር። ተምሩም የሚደርሰው በዚሁ በሙቀቱ ነው። እንግዲህ ሴቶቹ በዓሣ፣ በተምርና ከሱቅ በዱቤ በሚወስዱት ሩዝ ልጅ ያሳድጋሉ። ዱቤውን የሚጽፈው ባለሱቅ ነው። የሚከፈለው ደግሞ ወንዱ ሲመለስ ነው፤ ከተመለሰ። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። የሞተ ቢኖር ቤተሰቡ የሚሰማው ጀልባው ሲገባ ነው።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ሴቶቹ ባሕር ዳር ወርደው ባሕሩን የሚቆጡበት ልማድ ነበራቸው። የዘንባባ ዝንጣፊ አንድደው ውሃው ውስጥ ይነክሩታል፤ ባሕሩን መተኮሳቸው ነው፣ «ይበቃሃል፣ ሰዎቻችንን መልስ» ለማለት። ድመትም ውሃ ውስጥ ይነክሩ ነበር ይባላል። ማማ ይህንን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ ግን ሲስቁ ዓይናቸው ይሞላል። እኔም አገር ቤት ስልክ በያዘች እጇ «መቼ ነው የምትመጪው» የምትለኝን እናቴን አስብ ነበር። የሄደ ሰው ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጠላቂ ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ከትርፉ ድርሻ ነው የሚያገኘው። በብዙ ጀልባ ጠላቂው ሦስት እጅ፣ ጎታቹ ሁለት እጅ ይወስዳል። ሲሰሙት ደህና ይመስላል። ግን ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ብሎ ከጀልባው አለቃ ቅድሚያ ይወስዳል፤ አለቃውም ራሱ ከነጋዴ ተበድሮ ነው። በክረምት ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ብድር ይጨመራል። ሲመለስ ሉሉን የሚሸጠው አለቃው ነው፤ ጠላቂው ሲመዘን አያይ፣ ዋጋውን አይሰማ። የጀልባው ቀለብና ወጪ ይቀነሳል፣ ብድሩ ይቀነሳል፣ ከዚያ «ይህን ያህል ይቀርብሃል» ይባላል። ማንበብ የማይችል ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ዕዳ ያለበት ጠላቂ ሌላ አለቃ ዘንድ መሄድ አይችልም ነበር፤ «በርዋ» የሚባል፣ ዕዳውን የሚገልጽ ወረቀት ከአለቃው ካልተሰጠው ማንም አይቀጥረውም። እኛ ሪሊዝ እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ሲሞት ደግሞ ዕዳው አይሞትም፤ ወደ ልጁ ወይም ወደ ወንድሙ ያልፋል። አባቱ የተበደረውን ሊከፍል ባሕር የሚወርድ ልጅ ነበር።

በ1920ዎቹ በእንግሊዞች ግፊት ነገሩ ተነካ። ሼኽ ዒሳ በ1923 ሥልጣን እንዲለቁ ከተደረገና ልጃቸው ሼኽ ሐመድ አስተዳደሩን ከያዙ በኋላ፣ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው፣ አለቃው የሰጠውና የቀነሰው ሁሉ እዚያ ላይ እንዲጻፍ፣ ዕዳም ወደ ልጅ እንዳያልፍ ተደነገገ። ነጋዴዎችና አለቆች አልወደዱትም፤ ይህ አይገርምም። የሚገርመው ጠላቂዎቹም መነሳታቸው ነው። ዕዳ እንዳይቆለል ተብሎ ቅድሚያው ተወስኖ ነበርና፣ የሉል ዋጋ በወደቀበት በ1932 የተሰጣቸው ቅድሚያ ለቤታቸው አልበቃ አለ። ከሙሐረቅ ወደ ማናማ ሄደው ተነሱ፤ በኃይል ተበተኑ።

አንዳንድ ሰው ይህንን «አላዋቂዎች ስለሆኑ ጥቅማቸውን ተቃወሙ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ደብተሩ ለመጪው ዘመን ደግ ነበር፤ ልጅ ግን ዛሬ ነው የሚበላው። ከእኛ መሐል ወለዱን እያወቀች ከአበዳሪ ገንዘብ ወስዳ ለወንድሟ ሕክምና የላከች የለችም? አላዋቂ ስለሆነች ነው?

ስለ ደብተር ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልናገር። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት የሦስት ወር ደመወዜ «ለኤጀንሲ የከፈልነው ነው» ተብሎ ቀረ። ሁለት ወር ነበር የተባልኩት። ሦስተኛው ከየት መጣ ብል የሚያሳይልኝ ወረቀት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ የተማሪ ደብተር አለኝ፤ የተከፈለኝን፣ የላክሁትን፣ የተቀነሰብኝን ከነቀኑ እጽፋለሁ። ኋላ ከሌላ ቤት ጋር ስንጣላ ማኅበራችን ይዞልኝ የሄደው ያንን ደብተር ነው፤ ከጎደለብኝ አብዛኛውን አስመለሰልኝ።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ከጠላቂዎቹ መሐል ደብተርም በርዋም የሌላቸው፣ ድርሻቸውን ጌታቸው የሚወስድባቸው ነበሩ፤ ባሪያዎቹ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ናቸው፣ ከእኛም አገር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ወይም በጦርነት ተማርከው፣ በታጁራና በምጽዋ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተሸጡ። ወንዶቹ ለባሕር፣ ለዘበኝነትና ለአትክልት፣ ሴቶቹ ለቤት ሥራ። በእንግሊዝ ቆንስላ ቢሮዎች ነጻነት ለመጠየቅ የቀረቡ ሰዎች ቃል ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሸጣቸው ተናግረዋል። ስማቸው ግን አልማስ፣ ማርጃን፣ ያቁት፣ ፈረጅ ነው። እናት ያወጣችው ስም አይደለም፣ ጌታ የሰጠው ነው። ከእኛም መሐል ስሟ «ይከብዳል» ተብሎ ሌላ የወጣላት ስንት አለች! ባሕሬን ውስጥ ባርነት በሕግ የቀረው በ1937 ነው፤ በቀጠር በ1952፣ በሳዑዲ በ1962፣ በኦማን በ1970። እኛም ጋ ቆይቷል፤ የንጉሡ አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ የሸጡንም የራሳችን ሰዎች ነበሩበት። ይህን ሳንደብቅ እንናገር።

የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ የአገሬው ዜጎች ናቸው። በሰርግና በበዓል ጣንቡራ ሲመታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክራራችንን ያየ ሰው ዘመዱ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ወገቡ ላይ የፍየል ሰኮና ታጥቆ ያንሿሿል። እኔ አንድ ጊዜ ሰምቼ እግሬ ራሱ ቆመ።

ሉሉ እንዴት አለቀ ትሉኝ ይሆናል። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ሉልን በእርባታ ማምረት ቻለ፤ በ1920ዎቹ የእሱ ሉል በርካሽ ገበያውን ሞላ። በ1929 ደግሞ የዓለም ገበያ ወደቀ፤ ጌጥ ማን ይግዛ? ባሕሬን ውስጥ ነዳጅ የወጣው በዚያው ጠላቂዎቹ በተነሱበት ዓመት፣ በ1932 ነው። ጠላቂዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ነዳጁ ሥራ ገቡ፤ ቁርጥ ያለ ደመወዝ ነበረዋ። የማማ አባት ግን አልገቡም። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሐድራ ሲለቅሙ አረጁ።

የድሮው ሙሐረቅ በ2012 በዩኔስኮ ተመዝግቦ የሉል መንገድ ተሠርቶለታል፤ ከቡ ማሂር ተነስቶ በነጋዴዎቹና በጠላቂዎቹ ቤቶች መሐል ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መንገዱን ለመሄድ ገንዘብ አያስፈልግም። ዓርብ ዕረፍት ያላችሁ ተጠራርታችሁ ሂዱ፤ በሙቀቱ ወር ከሆነ ከመግሪብ በኋላ ይሁን፣ ውሃ ያዙ። እኛ ባለፈው ስድስት ሆነን ሄደን ሲያዲ መጅሊስ ጋ ስንደርስ፣ አንዷ የነጋዴውን የሉል ወንፊት አይታ «የጤፍ ወንፊት ነው እኮ!» ብላ አሳቀችን። እውነቷን ነው፤ ትልቁን ሉል ከትንሹ የሚለዩት በወንፊት ነበር፣ ቀዳዳው እየጠበበ በሚሄድ። ጠላቂው ያንን ወንፊት በዕድሜው አይቶት አያውቅ ይሆናል።