ሽሮ ሜዳ ላይ የሚጠፋው እሳት

አባቴ በየወሩ በ21 እንጦጦ ማርያምን ሊሳለም ሲወጣ ከኋላው ያፈናጥጠኝ ነበር። ታዲያ አንድም ቀን ሽሮ ሜዳን ሳንቆም አልፈን አናውቅም። አሮጌዋን ጣሊያን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ጥግ አስይዞ ሻይ ቤት ይገባል፤ አንዷን ብርጭቆ ሻይም ሰዓት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ድረስ ያቆያታል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር «ሳይሳለሙ ሻይ!» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ሞተሯ እኔ እጅ ከገባች በኋላ የሽሮ ሜዳ ነገር መልኩን ለወጠ። ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ዳገቱን ተያይዛ ሽሮ ሜዳ ስትደርስ ግን ሁለቴ አስነጥሳ ቀጥ! ቢረግጧት ቢገፏት ወይ ፍንክች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አንዱ መካኒክ «ካርቡራቶሩ ነው» ብሎ አስለወጠኝ። ሌላው በቤንዚኑ አሳበበ። ሦስተኛው ለመለዋወጫ እንድሸጥለት ዋጋ ቆረጠልኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሞተሯን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ «ስትጠፋ አምጣት፣ ልጄ። እየሠራች ምኗን ልመርምር?» አሉኝ።

እርግጥ የሞተር ታሪክ ከሥር መሠረቱ የእሳት ችግር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባክ የመጀመሪያዋ የምትባለዋን በነዳጅ የምትሄድ ሞተር ሳይክል ሲሠሩ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በነበልባል የሚግል ቱቦ ነበር። ነበልባሉ ከኮርቻው ሥር ስለነበር በመጀመሪያው ጉዞ ኮርቻው በእሳት መያያዙ ይነገራል። የጋለ ቱቦ ደግሞ «አሁን» እና «ቆይ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሳቱን በልክ በሰዓቱ ስለማይሰጥ ሞተሩ ሊፈጥን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1895 ፈረንሳዮቹ ዴ ዲዮንና ቡቶን በባትሪና በቦቢና ብልጭታ እያወጡ ሞተራቸውን በደቂቃ ከ1500 ዙር በላይ አሽከረከሩት። ግን የዚያን ጊዜ ባትሪ ባለቤቱን መንገድ ላይ ጥሎ የሚቀር ነበር።

መላው የተገኘው ሽቱትጋርት ከተማ ከሮበርት ቦሽ ወርክሾፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ማግኔቶ የሚባለውን መሣሪያ ከአንድ ዴ ዲዮን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ጋር አገናኙት። እ.ኤ.አ. በ1902 ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ አቀረበ። ማግኔቶ ባትሪ አይለምንም፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔትና ጠምዛዛ ሽቦ አንዱ ባንዱ አጠገብ ሲሽከረከሩ ኤሌክትሪኩ ከዚያው ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ እንግሊዞች ማግኔቷቸውን የሚገዙት ከጠላታቸው አገር መሆኑን አስተውለው በጥድፊያ የራሳቸውን ወደ መሥራት ገቡ። ጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1919 ማኜቲ ማሬሊን አቋቋሙ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከነሞተሩ መጣ፤ በ1933 ተሸንፎ ወጣ። ቃሎቹ ግን ከጋራዦቻችን አልወጡም። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ካቻቢቴ እንላለን። የጀርመን ሥራ በጣሊያን አፍ ደረሰን።

ቀኑ ደረሰና ሞተሯ ሽሮ ሜዳ ላይ ቀጥ አለች። ሳትበርድ ቁልቁል እየገፋሁ ወሰድኳት። ሽማግሌው ካንዴላዋን ፈትተው፣ ከነሽቦዋ ቴስታታው ላይ አጋድመው «ርገጣት» አሉኝ። ረገጥኩ። ብልጭታው እንደ ክር የቀጠነ፣ ቢጫ ነበር። ከዚያ የማግኔቶውን ክዳን ከፈቱና በሩን ገርበብ አድርገው እንደገና አስረገጡኝ። ጨለማው ውስጥ ፑንቲናው ደማቅ እሳት ተፋ።

«አየህ? እሳትህ መንገድ ላይ ተሰርቋል።»

«ማን ሰረቀው፣ ጋሼ?»

«ኮንዴንሰሩ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ድንገት መቋረጥ አለበት፤ ቦቢናው ብዙ ሺህ ቮልት የሚወልደው በዚያች ቅጽበት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን መቋረጥ አይወድም፤ በተከፈተው ክፍተት ዘሎ ሊያልፍ ይፈልጋል። ኮንዴንሰሩ ያን ዝላይ ውጦ ያስቀራል። ውስጡ ያለው መለያ ሲያረጅ፣ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፤ ሲሞቅ ያፈሳል። ያኔ እሳቱ ለካንዴላው መድረሱ ቀርቶ ፑንቲናው ላይ ይባክናል። በኔዋ ማግኔቶ ደግሞ ኮንዴንሰሩ የሚሽከረከረው ክፍል ሆድ ውስጥ ስለተቀበረ ከውጭ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1969 ካዋሳኪ ፑንቲና የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያላትን ማክ 3 አወጣ፤ እንዲህ ያለ ማቀጣጠያ ያላቸው ሞተሮች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ እነሱ ሲበላሹ ሳጥኑ ይለወጣል እንጂ ሌባ አይፈለግም።

ሽማግሌው ሆዱን ከፍተው ሌላ ኮንዴንሰር ገጠሙ። የጠየቁኝ ገንዘብ ከካርቡራቶሩ ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

በ21 ዳገቱን ወጣሁ። ሽሮ ሜዳን ሳልቆም አለፍኩ። ሻይ ቤቱ በነበረበት በኩል ሳልፍ ነው ነገሩ የበራልኝ። ማምሻውን ለእናቴ ነገርኳት፤ አባቴ ሞተሯ ሳትጠፋበት በፊት ያበርዳት እንደነበር።

ብዙ ዝም አለች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ስወቅሰው ምነው አልተናገረ?» አለችኝ።