የፍሬን «ዘይት» ዘይት አይደለም

ከጎባ ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው መንገዱን አይረሳውም። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከእሷ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ሳነቴ ላይ ሲደረስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱም በ4,377 ሜትሩ ከጎን ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ዶሎ መና ይወርዳል፤ ዶሎ መና 1,500 ሜትር እንኳ አትሞላም። በዚህ ቁልቁለት ላይ ያረጀ ሞተር የፊት ዲስክ ፍሬኑ «ያዘ» ሲባል ነገሩ የነዳጅ ብክነት ብቻ አይደለም። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ይሄዳል፣ ፈሳሹ ያብጥና ፓዱን የበለጠ ይገፋዋል። የፊት ጎማው በእርጥብ ጠጠር ላይ ድንገት ሊቆለፍ ይችላል። ወይም ፈሳሹ ይፈላና መጨበጫው እጅ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ አልለቅ ያለው ፍሬን በመጨረሻ አልይዝ ይላል።

በየመንገዱ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ የታወቀ ነው፤ «ፓዱን ቀይር»። ካልሆነም «የፊቱን ዝጋው፣ የፊት ፍሬን ይገለብጣል»። ከሳነቴ በኋላ ፍሬን ብቻ መውረድ ማለት ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሲመጣ ዋናውን ፍሬን ቤት ትቶ መውጣት ነው። ይህ ምክር ከየት መጣ? ታሪክ አለው።

የጋራዥ አማርኛችን ብዙው ጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ፖምፓ እያልን ነው የተማርነው። ቃሎቹ የመጡት ከሥራው ጋር ነው፣ ሥራው ደግሞ የታምቡር ፍሬን ዘመን ሥራ ነበር። በታምቡር ፍሬን ሽቦው ይሳባል፣ ሸራው ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ሞላው መልሶ ይሰበስበዋል። ችግሩ በዓይን ይታያል፤ ሞላው ደክሟል ወይም ሽቦው ዝጓል። በየገጠሩ የምናየው ቦክሰር እስከ ዛሬ የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነው። ስለዚህ የመካኒኩ እጅ ሞላ ፍለጋ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ዲስክ ፍሬን ግን ሞላ የለውም። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ዓመተ ምሕረቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፍሬዴሪክ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሐሳቡን በ1902 በፓተንት አስመዘገበ፤ የመዳብ ፓዶቹ ግን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ስላወጡ ነገሩ ለዓመታት ተኛ። በ1953 ጃጓር በዲስክ ፍሬን ለ ማንን ሲያሸንፍ ዓለም ዞር ብሎ አየ። በ1962 ላምብሬታ አንዱ ሞዴሉ ላይ በሽቦ የሚሠራ የፊት ዲስክ ገጠመ። በ1969 ደግሞ ሆንዳ ሲቢ 750ን በፈሳሽ በሚሠራ የፊት ዲስክ በብዛት አምርቶ ገበያ አወጣ። ያን ጊዜ በባሌ የመሬትና የግብር በደል የቀሰቀሰው፣ ዋቆ ጉቱ የመሩት አመፅ ገና አላበቃም ነበር፤ ያበቃው በ1962 ዓ.ም ነው። ቴክኖሎጂው እኛ ዘንድ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ አሠራሩን የሚያስረዳው እውቀት ግን አብሮት አልመጣም።

እንግዲህ ሞላ ከሌለው ፒስተኑን ማን ይመልሰዋል? አንድ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው ራሱ። ካሊፐሩ ውስጥ በተቀረጸ ቦይ የተቀመጠ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው። ፍሬን ሲጨበጥ ፒስተኑ ይወጣል፣ ጎሚኒው አብሮ ይጣመማል፤ ሲለቀቅ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ይመለስና ፒስተኑን የሚሊ ሜትር ክፋይ ያህል ይጎትተዋል። በቃ፣ የመመለሻ ኃይሉ ይኸው ነው። ከቦዩ ጀርባ ዝገት ወይም የደረቀ ቆሻሻ ከተጠራቀመ ጎሚኒው ፒስተኑን ጨምቆ ይይዘዋል። የሲናና የስንዴ ማሳ ጭቃ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግም በመኸርም፣ ካሊፐሩ ላይ ይለጠፋል። በቆሻሻ የተሸፈነ ፒስተን በካቻቢቴ ተገፍቶ ሲመለስ ቆሻሻውን ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው አዲስ ፓድ የገባለት ፍሬን ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ብሶ የሚይዘው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቋንቋችን ውስጥ ነው። «የፍሬን ዘይት» እንላለን። ዘይት አይደለም፤ የተለመደው ዶት 3 እና ዶት 4 ከግላይኮል የሚሠራ፣ ከአየር ውኃ የሚስብ ፈሳሽ ነው። ቃሉ ግን ዘይት ስለሚል፣ ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምር አለ። ካሊፐሩን ፈትቶ ጎሚኒውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚያጥብ፣ ግራሶ ቀብቶ የሚገጥም ደግሞ ብዙ ነው። የነዳጅ ዘር የሆነ ሁሉ ይህን ጎማ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን አይለቅም፤ ፖምፓው ውስጥም ቀዳዳ ይዘጋል። አንድ ወዳጄ በቤንዚን የታጠበ ካሊፐር ይዞ ሲሄድ ሁለት ቀን ደህና ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሩን መግፋት አቃተው። መታጠብ ያለበት በንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ነው፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ አይድንም፣ ይለወጣል።

ውኃ መሳቡም ቀላል አይደለም። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። የገባው ውኃ ፒስተኑንም ከውስጥ ያዝገዋል።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሡና በእጅ አዙሩት፤ ፍሬኑን ጨብጣችሁ ልቀቁና እንደገና አዙሩት። ከያዘ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን አየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጉ (ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ፈሳሹ ቀለምም ይልጣል)። ጎማው ሲላላ ከተለቀቀ የታሰረው ግፊት ነው፤ ካልተለቀቀ ችግሩ ካሊፐሩ ጋ ነው፣ የዛገ ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው የደረቁ ዘንጎች። ግፊት ከሆነ፣ ቡሎኗን አጥብቃችሁ ጨብጡና በዚህ ጊዜ ቱቦው ከፖምፓው ጋር የሚገናኝበትን አላሉ። እዚያ ከለቀቀ ጥፋቱ የፖምፓው ነው፤ እዚያ ካለቀቀና ታች ብቻ ከለቀቀ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል። ፖምፓው ውስጥ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ፍሬን ሲለቀቅ የሞቀው ፈሳሽ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት እሷ ናት። ከተደፈነች ፍሬኑ ሲሞቅ ይይዛል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይለቃል፣ ባለሞተሩም «ተሻለው» ብሎ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ በጣም አደገኛው ይህ ነው። ፍሬን ካነካኩ በኋላ ደግሞ አየሩ በደንብ መውጣት አለበት፣ ሳይፈተሽ ወደ መንገድ አይወጣም።

ከሐምሌ 2016 የብር ተመን ለውጥ ወዲህ አሮጌ ሞተር የሚጥል ሰው ጥቂት ነው፤ መለዋወጫው ሁሉ በዶላር ይመጣል። በዚህ ዘመን የጎሚኒና የአንድ ብልቃጥ ፈሳሽ ወጪ ከሙሉ ካሊፐር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን የመሥሪያ ቤቶች የሞተር ጥገና ቅጽ ላይ የሞተር ዘይት ቅያሪ የሚል መስመር አይቻለሁ፣ የፍሬን ፈሳሽ ቅያሪ የሚል አላየሁም። ሁለት ዓመት ሲሞላው ይቀየር ማለት የቅንጦት ጥያቄ ሊሆን አይገባም፤ የጤና ሠራተኛውንና የግብርና ባለሙያውን ወደ ቆላው የሚያወርደው ያ ሞተር ነው።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የማየው መጨበጫውን ነው። የወደቀ ሞተር መጨበጫው ይጣመማል፣ ወይም ከሌላ ሞዴል የመጣ ይገጠምለታል። ጫፉ የፖምፓውን ፒስተን በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ገፍቶ ከያዘው ያቺ ቀዳዳ አትከፈትም። ከመያዙ በፊት ትንሽ ክፍት ጨዋታ ከሌለው ካሊፐሩን ለመፍታት መቸኮል አያስፈልግም።