በዬና የቆመው የተማሪዎች ማኅበር

ጀርመኖች የዩኒቨርሲቲ ተማሪን «ቡርሽ» ብለው የሚጠሩበት ቃል «ቡርሳ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ከረጢት ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ተማሪዎች ገንዘባቸውን በአንድ ከረጢት አኑረው ከአንድ ማዕድ እየተመገቡ በአንድ ቤት ያድሩ ነበርና፥ አስቀድሞ ቤቱ፥ ኋላም የቤቱ ልጅ በከረጢቱ ስም ተጠራ። የቆሎ ተማሪን አኩፋዳ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ስያሜ አይደንቀውም።

ከዚያ በኋላ ግን ተማሪዎቹ በየትውልድ አውራጃቸው ተከፋፍለው ያገር ልጅ ማኅበር አቆሙ፤ አዲስ ገቢውን «ቀበሮ» ብለው ያዝዙት፥ ስለ ክብር በተነሣ ጠብ ሁሉ ሰይፍ ይማዘዙ፥ ቢራውንም ያለ ልክ ይጠጡ ነበር።

ይህን ልማድ ያናወጠው ጦርነት ነው። በ1806 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናፖሌዎን የፕሩሲያን ሠራዊት ድል የነሣው በጀርመን ባለችው በዬና ከተማ አጠገብ ነበር፤ በ1813 ግን በእርሱ ላይ በተነሣው ዘመቻ ብዙ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን አጥፈው ከሉትሶው የፈቃደኞች ጦር ገቡ። ከእነዚህ ዘማቾች ብዙዎቹ ልብሳቸውን ከየቤታቸው ይዘው የመጡ ስለ ሆኑ፥ መልኩ ልዩ ልዩ የሆነውን ጨርቅ ሁሉ አንድ የሚያደርገው ጥቁር ቀለም ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ልብሱን በጥቁር ነክረው፥ ጠርዙን በቀይ ከፍፈው፥ ወርቅ የሚመስል የነሐስ ቁልፍ ተከሉበት። ከዘመቻም ተመልሰው ጁን 12 ቀን 1815 በዬና «አረንጓዴ ጥድ» በተባለው የእንግዳ ቤት ተሰብስበው፥ ያገር ልጅ ማኅበሮቻቸውን አፍርሰው «ቡርሸንሻፍት» የተባለውን አንድ ማኅበር መሠረቱ። ጀርመን በዚያን ጊዜ 39 ያህል መንግሥታት ሆና የተከፋፈለች ነበረችና፥ ነገሥታቱ በቪየና ጉባኤ ያልፈጸሙትን አንድነት ወጣቶቹ በመጠጥ ቤት ጀመሩት።

ኦክቶበር 18 ቀን 1817፥ ሉተር ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ በተረጎመበት በዋርትቡርግ አምባ፥ 500 ያህል ተማሪዎች የተሐድሶውን 300ኛ ዓመትና ናፖሌዎን የተሸነፈበትን የላይፕሲግን ድል በጸሎትና በመዝሙር አከበሩ። ማታ ጥቂቶቹ እሳት አንድደው የጠሏቸውን መጻሕፍት አቃጠሉ፤ በእውነቱ የነደደው አርእስታቸው የተጻፈበት ውዳቂ ወረቀት ነበር፤ ነገር ግን ከአርእስቶቹ አንዱ ሳውል አሸር የተባለው አይሁዳዊ ጸሐፊ የአገር ፍቅር ወደ ጥላቻ መለወጡን የነቀፈበት መጽሐፍ ነበርና፥ እሳቱን የልጆች ጨዋታ ብለን ልናልፈው አንችልም።

ማርች 23 ቀን 1819 ማኅበርተኛውና የነገረ መለኮት ተማሪው ካርል ዛንድ ደራሲውን ኮትሰቡን በማንሃይም በጩቤ ወግቶ ገደለው፤ የኦስትሪያው ሚኒስትር ሜተርኒኽም ይህን ምክንያት አድርጎ የካርልስባድን ውሳኔ አስወጣ። ማኅበሩ ተከለከለ፥ በየዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ተሾመ፤ ይሁን እንጂ በስውር ቀጠለ፤ በ1848 በፍራንክፈርት የተሰበሰበውን የእንደራሴዎች ሸንጎ በሊቀ መንበርነት የመራው ሃይንሪኽ ፎን ጋገርን የዬና ማኅበርተኛ የነበረ ሰው ነው።

የኋለኞቹ ማኅበርተኞች ግን የአባቶቻቸውን ያህል አይመሰገኑም፤ በሹመት ላይ ያሉ የቀድሞ አባላት ታናናሾቻቸውን ወደ ቢሮ የሚስቡበት መሰላል አደረጉት፥ አይሁዳውያን ተማሪዎችንም ያርቁ ጀመር። አይሁዳዊው ቴዎዶር ሄርጽል ከቪየናው «አልቢያ» ማኅበር በ1883 የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእነዚያ የ1813 ዘማቾች ልብስ ቀለም ግን ጸንቶ ኖረ፤ በ1949 የወጣው የጀርመን ሕገ መንግሥት በ22ኛው አንቀጽ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ጥቁር፥ ቀይና ወርቅማ ነው ብሎ ይደነግጋል።