ሚና የማይሰጠው ሰው፦ የአሜሪካን የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ በሚና ጨዋታ ስለማስተማር

ያለፈን ዘመን ሰው ሆኖ እየተጫወቱ ታሪክ ማስተማር በአሜሪካ አዲስ ነገር አይደለም። በማሳቹሴትስ ፕሊመዝና በቨርጂኒያ ዊሊያምስበርግ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ጎብኚን የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች አሉ። ስለ እነሱ ብዙ ስለተጻፈ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ ከማርክ ካርንስ ጋር ነው።

የበርናርድ ኮሌጁ የታሪክ ምሁር ካርንስ በ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) «ሪአክቲንግ ቱ ዘ ፓስት» የተባለውን ዘዴ ጀመሩ፤ በ2014 ባሳተሙት «ማይንድስ ኦን ፋየር» ደግሞ ተሟገቱለት። ተማሪው የአንድ ታሪካዊ ሰው ሚና ይደርሰዋል፤ የሚያሳካው ግብ ይሰጠዋል፤ የዘመኑን ጽሑፎች አንብቦ ይከራከራል፣ ወገን ያበጃል፣ ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል። መጨረሻው በእውን ከሆነው ሊለይ ይችላል። ያንቀላፋን ክፍል የሚያነቃው ፉክክሩ ነው ሲሉ አልቃወማቸውም፤ እውነት ነው፣ ያነቃል።

ነገር ግን መፎካከር የሚችለው ምርጫ ያለው ሰው ነው። በዚሁ ዘዴ ቢል ኦፉት ያዘጋጁትን የ1775–1776 የኒውዮርክ ጨዋታ እንይ። ነፃነት ፈላጊዎችና የንጉሡ ታማኞች ሲፋለሙ ሴቶች፣ የጉልበት ሠራተኞችና ባሮችም ጥያቄያቸውን ይዘው ይገባሉ። አሳቡ በጎ ነው። ሆኖም ባሪያው ለድርድር በተቀመጠበት ቅጽበት ባርነቱ ቀረ፤ ከነጋዴው ጋር እኩል ተጫዋች ሆነ። የማሳቹሴትስ ባሮች በ1773 አቤት ብለው የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ብለዋል፤ የጠየቁትን ግን አላገኙም።

በእኔ እምነት ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የሚሻለው፣ ግን ችላ የተባለው ምንጭ የጋዜጣ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1769 በቨርጂኒያ ጋዜት የወጣውን እንመልከት። ሳንዲ የሚባል ባሪያ ከአልቤማርል ኮብልሏል። ዕድሜው 35 ገደማ፣ አጠር ወፈር ያለ፣ መልኩ ፈካ ያለ ነው። ጫማ ሰፊ ነው፤ አብዛኛውን የሚሠራው በግራ እጁ ነው። ሻካራ የአናጢነት ሥራም ይችላል። ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ ተንኮለኛ ነው። ነጭ ፈረስና የጫማ መስፊያ ዕቃውን ይዞ ሄዷል። ወሮታው በካውንቲው ውስጥ ለያዘው 40 ሺሊንግ፣ በቅኝ ግዛቲቱ ሌላ ቦታ ከሆነ 4 ፓውንድ፣ ከዚያ ከወጣ 10 ፓውንድ ነው። አስነጋሪው የ26 ዓመቱ ቶማስ ጀፈርሰን ነው።

ጌታው ሊያዋርደው ሲጽፍ ሙያውን መሰከረለት፤ ዕቃውን መያዙም በእጁ ሥራ ሊኖር ማቀዱን ያሳብቃል። እንግዲህ ለተማሪዎቹ የማስታወቂያ አውጪውን፣ የአታሚውን፣ የወንዝ አሻጋሪውን፣ ሠራተኛ የጠፋበትን የጫማ ሱቅ ባለቤት ሚና እንስጥ። የሳንዲን ሚና ማንም አይያዝ። ነጩን ፈረስ ያየ ሁሉ ዝም ይል ወይስ ይጠቁም እንደሆነ ይወስን፤ ውሳኔውንም ከጋዜጣው እየጠቀሰ ያስረዳ። አንድ ማስታወቂያ ዘመኑን ሁሉ አይወክልም፤ ይህን አምናለሁ። ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ መሰሎቹ አሉ።

ይህ ባሪያውን ዳግም አፍ ማሳጣት ነው ይባል ይሆናል። አይደለም። በማስታወቂያው ውስጥ የሳንዲ አንድም ቃል የለም፤ የ18 ዓመት ተማሪ የሚፈጥርለት ንግግርም የእሱ ድምፅ ሊሆን አይችልም። ኦክቶበር 10 ቀን 1994 በዊሊያምስበርግ የባሪያ ጨረታ በትዕይንት ቀርቦ የለም ወይ የሚሉም አሉ። በእርግጥ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ጃክ ግሬቭሊ አስቀድመው ተቃውመውት፣ ካዩት በኋላ አሳባቸውን ለውጠዋል። ይህ ግን የሚያግዘው የእኔን ክርክር ነው፦ በዚያ መድረክ ላይ የቆሙት ለጉዳዩ የተዘጋጁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ለሽያጭ የቀረበው ሰው ተከራክሮ የሚያሸንፍበት ደንብም አልነበረም።

ሳንዲ ተይዟል፤ ጀፈርሰንም በ1773 በ100 ፓውንድ ሸጦታል። የጨዋታዎቹ አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ፍጻሜ ተማሪ ሊለውጠው በማይችል መንገድ በደንባቸው ውስጥ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ።